ዓሣ አጥማጁ ስም አለው፤ የላስታው ገበሬስ?



በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ ግሎስተር የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። ናሽናል ጂኦግራፊክ ቻናል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 ከዚያች ወደብ «ዊክድ ቱና» የተሰኘ ተከታታይ ዝግጅት ማስተላለፍ ጀመረ። ባለታሪኮቹ ተዋንያን አይደሉም፤ ብሉፊን የሚባለውን ግዙፍ ቱና በዘንግና በመንጠቆ እያጠመዱ የሚተዳደሩ የጀልባ አዛዦችና ረዳቶቻቸው ናቸው። ካሜራው አብሯቸው ይሳፈራል። ዓሣው መንጠቆውን ሲውጥ፣ ሲታገል፣ አንዳንዴም በጥሶ ሲያመልጥ ተመልካቹ ያያል። ዓሣው ሲሸጥ ደግሞ ክብደቱና ዋጋው በስክሪኑ ላይ ይጻፋል፤ የየጀልባው ገቢም ይደመራል። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ2005 የተጀመረው «ዴድሊየስት ካች» የአላስካን ሸርጣን አጥማጆች በተመሳሳይ መንገድ ዝነኛ አድርጓቸው ነበር። ስማቸው ይታወቃል፤ ጀልባቸው ይታወቃል፤ ሙያቸውም ይደነቃል።

ባሕር የሌለው ሰው ስለ ቱና አጥማጅ ዝና መጻፉ ምን ይሉታል? ትሉኝ ይሆናል። እኔን ያሳሰበኝ ዓሣው አይደለም፤ ንጽጽሩ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኙት በላሊበላና በላስታ ተራሮች የሚኖረው ሠራተኛም ከቴሌቪዥን ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። በኑሮው ላይ የተቀረጸ ፊልም የዓለምን ቀልብ ስቧል፤ መንግሥትን እስከ መጣል በደረሰ ሂደት ውስጥም ድርሻ ነበረው። ነገር ግን ያ ዝና ስም አልሰጠውም። ለምን?

ከጥንቱ እንጀምር። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለአውሮፓ ካስተዋወቁት የመጀመሪያው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1520ዎቹ አገራችንን ጎብኝቶ በ1540 ሊዝበን ላይ የታተመው መጽሐፉ ስለ ሕንጻዎቹ በዝርዝር ይተርካል፤ የሚያምነኝ የለም የሚል ሥጋቱንም አልደበቀም። ስለ ፈልፋዮቹ ግን የሰፈረው ሥራው በ24 ዓመት እንዳለቀና የተሠራውም በነጮች እጅ እንደሆነ የሚናገር ወሬ ነው። በእኛም ትውፊት ንጉሡ ቀን የፈለፈለውን መላእክት ሌሊት ያግዙታል። በ1992 ደግሞ እንግሊዛዊው ግራሃም ሃንኮክ ለመስቀል ጦር ባላባቶች፣ ለቴምፕላሮች፣ ድርሻ ሊሰጥ ሞከረ። የእምነቱን ትውፊት ከባዕዱ ግምት ጋር አንድ አላደርገውም፤ ትውፊቱ ክብር ለመስጠት የተነገረ ነው። የሆነ ሆኖ ልብ በሉ፦ ንጉሥ፣ መልአክና ባዕድ በየተራ ተጠርተዋል፤ መሮ ጨብጦ ዐለቱን የጠረበው የላስታ ሰው ግን ስሙ አልተጠራም።

ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። ኅዳር 1958 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በወረ ኢሉ አውራጃ፣ አዝመራው ፈጽሞ መጥፋቱን የሚገልጽ ሪፖርት ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠር ረሃብ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ ይኸው ወሬ ከሚኒስቴሩ ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ 302 ቀናት ፈጅቶበታል። ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ነገር እንዲደረግ ሚኒስቴሩን አዘዙ። ሚኒስቴሩስ ምን አደረገ? የሞቱት ሰዎች የስም ዝርዝር እንዲላክለት የወሎን ባለሥልጣናት ጠየቀ። ይህን ክፍል ለተማሪዎቼ ሳነብ አዳራሹ ጸጥ ይላል። የወሎ ገበሬ በሕይወት ሳለ ስሙን የጠየቀው አልነበረም፤ ስሙ የተፈለገው ከሞተ በኋላ ለመዝገብ ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ ረሃቡ ተመለሰ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ወሎ ድረስ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ አሳዩ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለው ፊልም ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስና ምቾት ምስሎች ጋር ቀላቅሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የወሎ ገበሬ ምስል በአንድ ሌሊት የመንግሥት ለውጥ መሣሪያ ሆነ። ያ ፊቱን ያየነው ሰው ለዚህ ጉዳይ ፈቃዱ ተጠይቆ ነበርን?

አሥር ዓመት አለፈ። መስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። በወሩ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984፣ የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያጠናቀሩት ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። በዚያን ጊዜ ኮረም በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ የዋግ፣ የላስታና የራያ ሰው በእግሩ እየተጓዘ ይሰበሰብባት ነበር። ዘገባው ዘፈን አስዘፈነ፤ ሐምሌ 1985 (እ.ኤ.አ.) ላይቭ ኤድ የተባለውን የሙዚቃ ትዕይንት አስከተለ። ብዙ ነፍስም አዳነ፤ ይህን የሚክድ ቢኖር ሕሊና የለውም።

እዚህ ላይ ነው ግሎስተርንና ኮረምን ጎን ለጎን የማስቀምጣቸው። ቱና አጥማጁ ካሜራ ፊት የቀረበው ሙያውን ይዞ ነው። ነፋሱን ያውቃል፤ ዓሣው የት እንደሚውል ያውቃል፤ ባዶ እጁን በተመለሰበት ቀን እንኳ ባለሙያ ሆኖ ይታያል። የላስታው ገበሬም እኮ ባለሙያ ነው። ሞፈሩንና ድግሩን ራሱ ያበጃል፤ ገደል በሚያክል ተዳፋት ላይ በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ በልግ ሲቀርበት መኸሩን በምን ዘር እንደሚያካክስ ያሰላል። ካሜራው ግን የመጣው ይህ ሁሉ ዕውቀት ባልበጀበት ቀን ነው። በሬው ሞቷል፤ ዘሩ ተበልቷል፤ ማረሻው ተሽጧል። ስለዚህ ዓለም ገበሬ አላየም፤ ረሃብተኛ አየ።

«ይህ የምስል ጉዳይ ነው፤ ምን ጉዳት አለው?» የሚል አይጠፋም። ጉዳቱ የታየው ወዲያው ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ እያነሣ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋን ወደመሳሰሉ ሥፍራዎች አሰፈረ። ብዙዎቹ ተገደው ሄዱ፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተለያየ፤ በርካቶችም በበሽታ አለቁ። ስለ መሬቱና ስለ ዝናሙ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ ያልነበረውን ገበሬ «አንተ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ረዳት የሌለው ምስኪን ሆኖ ብቻ የታየ ሰው ሲወሰንለት ይኖራል እንጂ ሐሳቡን አይጠየቅም። ለመፈናቀሉ መነሻው ፊልሙ ነው ማለቴ አይደለም፤ ወሳኙ ደርግ ነው። ሆኖም ለጋሹም ገዢውም ገበሬውን በአንድ ዓይን ይመለከቱት ነበር።

ሚዛን ለመጠበቅ ያህል፣ የአሜሪካኑንም ዝግጅት ከመጠን በላይ አላወድስም። ሪያሊቲ ሾው የሚባለው ነገር ተቆርጦ የሚቀጠል፣ ጠብና ፉክክር የሚጎላበት ገበያ ነው። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፦ ዓሣ አጥማጁ እየተቀረጸ መሆኑን ያውቃል፤ ተስማምቶ ገብቷል፤ ስሙ ተጽፏል።

እኛስ ዛሬ ከዚህ ወዲህ ነን ወይስ ወዲያ? ሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የሕወሓት ኃይሎች ላሊበላን ሲይዙ መብራትና ስልክ ተቋረጠ። ከተማዪቱ እስከ ታኅሣሥ 2014 ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ነዋሪው ምን በልቶ እንዳደረ ያሳየ ቴሌቪዥን አልነበረም። ታኅሣሥ 29 ቀን የገና በዓል ሲከበር ካሜራዎቹ ተመለሱ፤ ነጭ የለበሰው ምእመን፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ታየ። በዓሉ መታየቱ ደግ ነው። ነገር ግን የላስታ ሰው የሚታየው ወይ ሲራብ ወይ ሲያሸበሽብ ብቻ ከሆነ፣ በመካከል ያለው የሥራ ዘመኑ የት ገባ?

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አለ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ማይክል ጀርቨርስና ባልደረቦቹ ዛሬም ዐለት የሚፈለፍሉ ኢትዮጵያውያንን ሥራቸው ላይ ሳሉ በቪዲዮ ቀርጸዋል፤ ከየት እንደሚጀምሩ፣ በምን መሣሪያ እንደሚጠርቡ ጠይቀዋቸዋል። አልቫሬዝ በወሬ ያለፈው ጥያቄ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ለባለሙያው ለራሱ ቀረበ። ይህን ለማድረግ የቀደመን የውጭ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ለእኛ ለመምህራኑ መወቀሻ ነው።

የአገራችን ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በቁጥር በዝተዋል። አንዱ እንኳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከእርሻ እስከ ውቂያ፣ አንድን የላስታ ገበሬ ከነስሙ፣ ከነፈቃዱ፣ ከነምርቱ ኩንታልና ዋጋ ቢያሳየን ምን ይቸግረዋል? ያን ጊዜ ዝናም ሲቀር የምናየው ስም የለሽ አጥንት ሳይሆን፣ ባለፈው ዓመት ስንት ኩንታል እንዳስገባ የምናውቀው እገሌ ይሆናል። የሚያውቁትን ሰው ችግር 302 ቀናት መደበቅ ደግሞ ለማንም መንግሥት ቀላል አይሆንም።

ቸር እንሰንብት።