ምድጃና ጡረታ

በአማራ ክልል፣ በውርጌሳ ከተማና በዙሪያዋ ባለው የሐብሩ ወረዳ ገጠር አራሽ እንደ ደመወዝተኛ ጡረታ አይወጣም፤ ጉልበቱ ሲደክም ሞፈሩን ለልጁ ያስረክባል። እርሻና አውድማ የወንድ፣ እንጀራ፣ ወጥ፣ ውኃና ማገዶ የሴት ተብለው በኖሩበት ቤት ይህ ርክክብ የባልን ድርሻ ሲያቀል የሚስትን እንዳለ ይተወዋል። እናት ከምድጃ የምታርፈው ልጇ ወይም ምራቷ ስትተካት ነው፤ ሥራው ከሴት ወደ ሴት ይሻገራል እንጂ ወደ ባልየው አይዞርም።

ልማዱን ሕግም አጽንቶት ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፣ ሠራተኛ ሊያቆምላት ካልቻለ የቤት ሥራውን ሚስት ራሷ እንድትሠራ ደነገገ። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና በ1995 የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ግን የቤተሰብ አመራርን የሁለቱም አደረጉ። ጓዳ ድረስ የዘለቀ ለውጥ ግን ከአዋጅ ብቻ አይመጣም።

በከተማ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። በ60 ዓመቱ ከመምህርነት ወይም ከቢሮ ሥራ የሚሰናበት ሰው ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላል፤ ሚስቱ ግን፣ ደመወዝተኛ ብትሆን እንኳ፣ ከጓዳ የምትሰናበትበት ዕድሜ የላትም። ይህ ፍትሐዊ አይደለም።

በዚያው በአማራ ክልል የተለየ መንገድ የያዘው አውራ አምባ ነው። በ1964 ገደማ በዙምራ ኑሩ መሪነት በደቡብ ጎንደር የተመሠረተው ማኅበረሰብ ሥራን በፆታ አይከፍልም፤ ወንዱ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚጦሩበትም ቤት አለው።