ለፊደል ሲባል የተጨመረ ካርድ

የኮምፒዩተርን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ስለ ፍጥነትና ስለ ማከማቻ መጠን ብዙ ይላሉ። ቀደም ባለው ዘመን ግን ለቤት ኮምፒዩተር ተጨማሪ ዕቃ ከሚገዛባቸው ምክንያቶች አንዱ ፊደል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው አፕል ሁለት ትንንሾቹን የእንግሊዝኛ ፊደላት አያሳይም ነበር። ደብዳቤ ሊጽፍበት የፈለገ ሰው ክዳኑን ከፍቶ፣ የፊደል ቅርጽ የያዘችውን ቺፕ ነቅሎ በሌላ ይተካ ነበር። የመኪናው ሠሪዎች ቋንቋ እንኳ ያለ ተቀጥላ አልሞላም ማለት ነው።

የእኛ ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ የጽሑፍ ካርድ የሚያውቃቸው ቅርጾች 256 ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ቺፕ ላይ የተቀረጹ፣ በሶፍትዌር የማይለወጡ። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት ከነሰባት ዘራቸው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ ልኩ ያልፋል። ለላቲኑም ቦታ አይተርፍም።

መውጫው የተገኘው ከሌላ ፊደል ባለቤት ነው። ታይላንዳዊው ቫን ሱዋኑኩል የዶክትሬት ጽሑፉን በአገሩ ፊደል ለማዘጋጀት የሠራው ካርድ እ.ኤ.አ. በ1982 ሄርኩለስ ተብሎ ገበያ ወጣ። ካርዱ በ720 በ348 ነጥብ ስለሚሥል ያሻውን ቅርጽ ያወጣል። በ1984 የመጣው ኢጂኤ ካርድ ደግሞ በሶፍትዌር የሚጫኑ እስከ 512 ቅርጾች ይቀበላል። በዚያው ዐሥር ዓመት ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በአሜሪካ የግዕዝን ፊደል በኮምፒዩተር ለማስጻፍ ሠሩ፤ በአገር ቤትም አጋፋሪ የተባለው ፕሮግራም ተሠራ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለ345 የግዕዝ ምልክቶች የጋራ ቁጥር ሰጠ።

ይህን የማነሣው ከቆሰበር ስለምጽፍ ነው። የአዊ ሕዝብ ቋንቋ ራሱን አውጚ ብሎ ይጠራል። የመጨረሻው ፊደል ከአማርኛው ገበታ የለም፤ ድምፁ በአፍንጫ የሚወጣ ነው። 256 ቦታ ባላት ቺፕ ላይ አማርኛው ራሱ ከጠበበው፣ ጚ ከየት ቦታ ታገኝ ነበር? ዩኒኮድ 3.0 ግን ከነቤተሰቧ ቆጥሯታል።

ከጽሕፈት መኪና ዘመን ጀምሮ ፊደላችን ለመኪና ስለማይመች ይቀነስ የሚል ክርክር ነበር። እኔ ከዚህ ታሪክ የምረዳው ተቃራኒውን ነው። ጠባቧ መኪና እንጂ ፊደሉ አልነበረም፤ መኪናዋም ካርድ ሲጨመርላት ሰፋች። በዚያ ጊዜ ለመኪናው ምቾት ሲባል ፊደል ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ካርዶቹ ከዕቃ ቤት አቧራ ሲለብሱ ቆራጣው ፊደል ከልጆቻችን ደብተር ላይ ይኖር ነበር።