ከእርሳስ ነፃ የሆነ ተጣጣፊ የፒዬዞኤሌክትሪክ ዳሳሽ

ከእርሳስ ነፃ የሆነ ተጣጣፊ የፒዬዞኤሌክትሪክ ዳሳሽ፣ ሲጫኑት፣ ሲለጥጡት ወይም ሲንቀጠቀጥ በገጾቹ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያፈልቅ፣ በድልድይ፣ በአውሮፕላን ክንፍ፣ በቧንቧና ይህን በመሳሰለው ሥራ ላይ ተለጥፎ ዐይን የማያየውን ጉዳት አስቀድሞ እንዲያመለክት የታሰበ ስስ ሽፋን ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አመጣጡ

ግፊት ኤሌክትሪክን እንደሚወልድ በኳርትዝ፣ በቱርማሊንና በሌሎችም ክሪስታሎች መርምረው በ1880 የገለጹት ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክና ፒየር ኩሪ ናቸው። ከእነርሱ አስቀድሞ ሬኔ ጁስት አዊና አንቷን ሴዛር ቤክሬል ይህንኑ ነገር ፈትነው ነበር፤ ነገር ግን ያገኙት ውጤት ጥርጥርን የሚያስወግድ ስላልነበረ ክብሩ ለኩሪዎቹ ጸንቷል። ኤሌክትሪክ በተራው ክሪስታሉን እንደሚለውጠው ግን ገብርኤል ሊፕማን በ1881 በስሌት አመለከተ፤ ወንድማማቾቹም ወዲያው በሙከራ አረጋገጡት።

የተጣጣፊው ዘር አባት ማን እንደ ሆነ መወሰን ከዚህ ይልቅ ያስቸግራል። ጃፓናዊው ሄይጂ ካዋይ ፖሊቪኒሊዲን ፍሎራይድ የተባለው ፕላስቲክ ተለጥጦ በኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሲገራ ብርቱ የፒዬዞኤሌክትሪክ ጠባይ እንደሚያገኝ በ1969 ስለ ገለጸ፣ ብዙዎች ጅማሬውን ከእርሱ ይቈጥራሉ። ሆኖም የአገሩ ሰው ኤይቺ ፉካዳ ይኸንኑ ጠባይ በ1955 በእንጨት፣ በ1957ም ከኢዋኦ ያሱዳ ጋራ በአጥንት ላይ አሳይቶ ስለ ነበረ፣ ነገሩ በጠቅላላው ከተመዘነ ቀዳሚነቱ ወደ ፉካዳ ሳያዘነብል አይቀርም።

እርሳስን ስለ መተው

ለረጅም ዘመን የሠለጠነው ሊድ ዚርኮኔት ታይታኔት የተባለው ሴራሚክ ሲሆን፣ ከክብደቱ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው እርሳስ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በኤሌክትሪክ ዕቃዎች ውስጥ እርሳስን የሚገድበውን ሕግ ከሐምሌ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ቢያጸናም፣ በቂ ምትክ ስላልተገኘ የፒዬዞኤሌክትሪክ ሴራሚኮችን ከክልከላው ለይቷቸዋል።

ጥሬ ዕቃዎቹ

ፖሊቪኒሊዲን ፍሎራይድ ለአንድ ኒውተን ግፊት ከ20 እስከ 30 ፒኮኩሎም ያህል የኤሌክትሪክ ሙል ሲሰጥ፣ እርሳስ ያለበት ሴራሚክ ብዙ መቶ ይሰጣል። ነገር ግን ፕላስቲኩ ኤሌክትሪክን የማከማቸት ዐቅሙ አነስተኛ ስለ ሆነ፣ ጥቂቱ ሙል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ስለዚህ ንዝረትን ተቀብሎ ለማስታወቅ ደካማ መስሎ የታየው ከብርቱው ሊበልጥ ይችላል፤ ንዝረትን ለመላክ ግን ሴራሚኩ ይሻላል። የፕላስቲኩ ጉድለት ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ጠባዩ እየደከመ መሄዱ ነው።

አሉሚኒየም ናይትራይድ በአንጻሩ ሙቀትን አጥብቆ ይታገሣል፤ በዝቅተኛ ሙቀትም በፖሊኢሚድ ፕላስቲክ ላይ ሊነጠፍ ይችላል። የሚሰጠው ሙል 5 ፒኮኩሎም ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ሞሪቶ አኪያማና ባልደረቦቹ ስካንዲየም ሲጨመርበት በብዙ እጥፍ እንደሚያድግ በ2009 አሳይተዋል። ፖታሲየም ሶዲየም ናዮቤት ከሁለቱም የበረታ ነው፤ ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ሲዘጋጅ የሚጠይቀውን ሙቀት ፕላስቲክ አይችለውም።

አሠራሩ

ሽፋኑ የሚሰማው ለውጥን እንጂ ጸንቶ የሚኖርን ጭነት አይደለም፤ የተፈጠረው ሙል ቀስ በቀስ ያመልጣልና። ስለዚህ ስንጥቅ ሲከፈት የሚወጣውን ድምፅ ያዳምጣል፤ ወይም ሆራስ ላም በ1917 በስሌት የገለጻቸውን በስስ አካል ውስጥ የሚጓዙ ሞገዶች ተቀብሎ፣ ካለፈው ጊዜ የተለወጠውን ለማነጻጸር ያገለግላል።

አገልግሎቱ

በአሜሪካ የሲልቨር ድልድይ ታኅሣሥ 15 ቀን 1967 ፈርሶ 46 ሰዎች የሞቱት በአንዲት የብረት ማያያዣ ላይ ከነበረ ትንሽ ስንጥቅ የተነሣ ነው። ዳሳሹ እንዲህ ላለው ጉዳት የታሰበ ቢሆንም፣ ማጣበቂያው ሲደክም ወይም የአየሩ ሙቀት ሲለዋወጥ ምልክቱ ሊዛባ ስለሚችል፣ የመርማሪውን ባለሙያ ሥራ የሚያግዝ እንጂ የሚያስቀር አይደለም።