231 ፊደላት እና አንድ የጽሕፈት መኪና



የዛሬውን ንግግሬን በአንድ የቆየ ወረቀት እጀምራለሁ። አንድ የቀየት ገበሬ ስለ መሬቱ ያቀረበው፣ በጽሕፈት መኪና የተመታ አቤቱታ ነው። አመልካቹ ሙሉ ይባላል፤ በወረቀቱ ላይ ግን ስሙ «መለ» ተብሎ ይነበባል። ለብዙ ጊዜ የጸሐፊው ስሕተት ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሬ ስመለከተው ግን በ«መ» እና በ«ለ» ጎን የካዕብ ምልክቶቹ ቀለም ሳይዙ ሰርጉደው አየኋቸው። ጸሐፊው አልተሳሳተም፤ ምልክቱን መትቷል።

ነገሩ ከመኪናው አሠራር የመጣ ነው። ፊደላችን 33 ሆሄያት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቈጠሩ። ለላቲን ፊደል የተሠራው መኪና ግን ከ40 እስከ 50 የሚደርሱ ቁልፎች ብቻ አሉት፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ቅርጽ ቢይዝ እንኳ መቶ አይሞላም። የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና በመፈልሰፍ የሚታወቁት ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ ዓ.ም. የገጠማቸው ጥያቄ ይኸው ነበር።

መፍትሔው ፊደሉን መክፈል ሆነ፤ አንዱ ቁልፍ የሆሄውን አካል፣ ሌላው ምልክቱን ይመታል። ሁለቱ በአንድ ቦታ እንዲገናኙም ከሁለቱ ምቶች አንዱ ሠረገላውን እንዳያራምድ ይደረጋል። ካዕብ፣ ሣልስና ኃምስ ምልክታቸው በአብዛኛው ወጥ ስለሆነ ለዚህ ይመቻሉ። ራብዕ፣ ሳድስና ሳብዕ ግን እግር ያሳጥራሉ፣ ያጎብጣሉ፣ ቀለበት ይጨምራሉ፤ ስለዚህ ብዙዎቹ የራሳቸውን ቅርጽ ይጠይቃሉ። በመኪና የተመታው ጽሑፍ ከብራናው ውበት የራቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህም ሌላ መዘዝ ተከተለ። አንዱ ምልክት ብዙ ሆሄያትን ስለሚያገለግል ከሁሉ አብልጦ ይመታል፤ ቀድሞም ያልቃል። ሲደበዝዝ ደግሞ ቃሉ ባዶ አይሆንም፤ ሌላ ቃል ይሆናል። ካዕቡ ግዕዝ ሆኖ ይነበባል፤ ሙሉም መለ ይሆናል።

በዚያ ዘመን ፊደሉ ለመኪናው ሲባል ይቀነስ የሚሉና አይነካ የሚሉ ምሁራን ይከራከሩ ነበር። እኔ ዛሬ ለማንኛቸውም አልፈርድም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቍጥር በመስጠቱ የቅርጹ ችግር ተቃልሏል። ይሁንና ዛሬም በኮምፒዩተር ስንጽፍ አብዛኞቻችን ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ እንመታለን፤ ክፍፍሉ ከወረቀቱ ላይ ጠፍቶ በጣታችን ሥር ቀርቷል።

ተማሪዎቼ ሆይ፤ ወደ መዝገብ ቤት ስትገቡ ይህን አስታውሱ። የተመታ ሰነድ በፎቶ ኮፒ ብቻ አይመረመርም፤ ዋናው ወረቀት በብርሃን ይታይ፣ በጣትም ይዳሰስ። የሙሉ ልጆች በአባታቸው ስም መሬት ቢጠይቁ «መለን አናውቀውም» የሚል መልስ ሊሰጣቸው ይችላል። ማስረጃቸው ግን እዚያው ወረቀት ላይ፣ ቀለም ባልነካው ጭረት ውስጥ አለ።