የአገረ ገዢዎቹ ቤትና የተከለከለው ፊደል

ውድ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ቤት ነው። ቤቱ ያለው ሩቅ አገር፣ አሜሪካ ነው። ታሪኩ ግን በእጃችሁ ከያዛችሁት እርሳስ ጋር ይገናኛል። እንዴት? ቀስ ብለን እናንብብ። ዓመቶቹን የምጠራላችሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አሜሪካ በብዙ ግዛቶች የተከፈለች አገር ናት። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ አገረ ገዢ አለው። ከግዛቶቹ አንዷ ጆርጂያ ትባላለች። የዛሬዋ ዋና ከተማዋ አትላንታ ናት። ዱሮ ግን ዋና ከተማዋ ሚሌጅቪል ነበረች።

በ1839 በሚሌጅቪል የአገረ ገዢው መኖሪያ ተሠርቶ አለቀ። ትልቅ ሕንፃ ነው። ፊት ለፊቱ ወፋፍራም ዓምዶች ቆመዋል። መሐሉ ላይ ክብ አዳራሽ አለ፤ ከላዩም ጉልላት ተደፍቶበታል። የጆርጂያ አገረ ገዢዎች እስከ 1868 ድረስ ተራ በተራ ኖሩበት።

ላይ ግብዣ ነበር፤ ታች ወጥ ቤት ነበር። በወጥ ቤቱ እሳት የሚያነዱት፣ ምግብ የሚያበስሉት በባርነት የተያዙ ጥቁር ሰዎች ነበሩ። ደመወዝ የላቸውም። የወለዱት ልጅ እንኳ የራሳቸው አልነበረም፤ ጌታው ሊሸጠው ይችል ነበር።

የግዛቲቱ ሸንጎም የሚሰበሰበው በዚችው ከተማ ነበር። ቤቱ ከማለቁ 10 ዓመት በፊት፣ በ1829፣ ሸንጎው አንድ ሕግ አወጣ። ለጥቁር ሰው ማንበብና መጻፍ ማስተማር ክልክል ሆነ። አስተማሪው ጥቁር ከሆነ በገንዘብ ወይም በግርፋት ይቀጣል፤ ሁለቱም ሊፈረድበት ይችላል። ነጭ ከሆነ ደግሞ መቀጫው እስከ 500 ዶላር ነው፤ እሥራትም አለበት።

እንዴ! ፊደል ማስቆጠር ያስገርፋል? አዎን፣ ያስገርፍ ነበር። ለምን ይመስላችኋል? ያነበበ ሰው ጋዜጣ ያነባል። ሕጉን ያነባል። የይለፍ ወረቀት ለራሱ ጽፎ ያመልጣል። ጌቶቹ የፈሩት ይህንን ነው።

ታዲያ ሰዉ መማሩን ተወ? አልተወም። ሱዚ ኪንግ ቴይለር በ1848 በዚያችው በጆርጂያ በባርነት ተወለደች። ሳቫና በምትባል ከተማ ተደብቃ ትማር ነበር። ፖሊስ እንዳያይባት መጽሐፏን በወረቀት ጠቅልላ ትሄዳለች። በ1862 ዕድሜዋ ገና 14 ዓመት ገደማ ሳለ ከባርነት ላመለጡ ሰዎች አስተማሪ ሆነች። ቀን ልጆችን ታስተምራለች። ማታ ማታ ደግሞ ትልልቆቹ ይመጣሉ፤ ልክ እንደናንተ።

በ1861 የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ ተዋጉ። የጦርነቱ ዋና ምክንያት ባርነት ነበር። በኅዳር 1864 የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን ሚሌጅቪል ገባ። ከአገረ ገዢው ቤት ቢደርስ ቤቱ ባዶ ነው። አገረ ገዢው ጆሴፍ ብራውን የቤት ዕቃውን ጭኖ ሄዷል። ሸርማን በኋላ በጻፈው መጽሐፍ የከተማው ሰዎች ያሙትን አስፍሯል፦ አገረ ገዢው ጥቅል ጎመኑን ሳይቀር ሲያስጭን፣ የመንግሥቱን መዝገብ ግን ጥሎ ሄደ።

በ1865 ጦርነቱ አለቀ። ባርነትም በሕግ ቀረ። በ1868 ዋና ከተማው ወደ አትላንታ ተዛወረ፤ አገረ ገዢዎቹም ሚሌጅቪልን ለቀቁ።

አሁን ደግሞ የሚገርመውን ስሙ። በ1889 በሚሌጅቪል አንድ ኮሌጅ ተቋቋመ። ሴቶችን እያሠለጠነ አስተማሪ የሚያደርግ ነው። የአገረ ገዢዎቹ ቤትም ለዚሁ ኮሌጅ ተሰጠ፤ ለብዙ ዓመትም የኮሌጁ ኃላፊዎች ኖሩበት። እኔም ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣሁ ስለሆንኩ ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ሙሉ አልሆነም። ኮሌጁ የተከፈተው ለነጮች ብቻ ነበር። ጥቁር ተማሪዎች የገቡት በ1960ዎቹ ነው። ባርነት በ1865 በሕግ ቢቀርም በሩ እስኪከፈት 100 ዓመት ያህል ፈጀ።

ዛሬ ቤቱ ሙዚየም ነው። የአገረ ገዢዎቹ ስም ሁሉ በመዝገብ አለ። ታች በወጥ ቤቱ የደከሙት የአብዛኞቹ ታሪክ ግን በገዛ እጃቸው አልተጻፈም። ስላልነበራቸው አይደለም። ስለተከለከሉ ነው።

አባቶቻችን፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። እናንተን ዛሬ ፊደል ቆጠራችሁ ብሎ የሚገርፍ የለም። እንግዲያው በሉ፣ ደብተራችሁን ግለጡ። በመጀመሪያው መስመር ስማችሁን ጻፉ። በሁለተኛው የእናታችሁንና የአባታችሁን ስም ጻፉ። በሦስተኛው ደግሞ የተወለዳችሁበትን ቤት ማን እንደሠራው ጻፉ። የማታውቁ ከሆነ ዛሬ ማታ ሽማግሌ ጠይቁ። ነገ አንብቡልን።