ካሉብ፦ ዘይት ሲጠበቅ ጋዝ የሰጠ ምድር

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኦጋዴን፣ ካሉብ ላይ የተፈጥሮ ጋዝ አገኘ። የኢትዮጵያ አብዮትና ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ፍለጋውን አቋረጡት፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሶቪየት ባለሙያዎች መጥተው ቁፋሮውን ቀጠሉ። ምድሩ ግን ያው ጋዝ ነበር የሚሰጠው። ዘይቱ ተደብቋል የሚለው ጥርጣሬ፣ ብዙ ለተበደለ አገር የሚገባ ቢሆንም፣ የዓለቱን ታሪክ ይዘላል። ጋዙን አመንጭቷል የሚባለው ቦኽ የተሰኘው የሸክላ ዓለት ከ250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በውኃ ውስጥ የተቀመጠ ጭቃ ነበር፤ የዕፅዋትና የደቂቅ ፍጥረታት ቅሪትም አብሮት ተቀብሯል። በላዩ ደለል፣ ኖራ ድንጋይና ጨው በሺህ በሚቆጠር ሜትር ሲከመርበት ጋለ። እንዲህ ያለ ቅሪት ሙቀቱ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ በብዛት ዘይት ያፈልቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ የቀረው ቅሪትም የወጣው ዘይትም ተሰነጣጥቆ ጋዝ ይሆናል። የቦኽ ዓለት ጥልቀት የዘይቱን ደረጃ አሳልፎታል፤ በዚህ ላይ የሰው እጅ የለበትም።

ታዲያ እዚያው ኦጋዴን ውስጥ፣ ሂላላ በተባለው ቦታ የታየው ድፍድፍ ዘይት ከየት መጣ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ዘይቱ የተገኘው ከቦኽ በላይ ባለው፣ በጁራሲክ ዘመን በተሠራው የሐማንሌይ ኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ይህ ንብርብር በዕድሜም ታናሽ፣ በጥልቀትም ያነሰ በመሆኑ ቀለል ያለ ሙቀት ነው የደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ2018 ለሙከራ የወጣውም የዚሁ የሂላላ ዘይት ነበር። ስለዚህ ሂላላ ክርክሩን አያፈርሰውም፤ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ሁለት ምድጃ በተለያየ እሳት ሊያበስል እንደሚችል ያሳያል።