የአግድም ቁራጭ ብዕር

የአግድም ቁራጭ ብዕር የሚባለው፣ የእንጨቱ ጅማት በብዕሩ ቁመት በመውረድ ፈንታ ወርዱን ተሻግሮ እንዲያልፍ ሆኖ ከተቆረጠ ጉማጅ፣ ቶርኖ በሚባለው የማሽከርከሪያ መኪና ተጠርቦ የሚወጣ የጽሕፈት መሣሪያ ነው። የቶርኖ ጥበብ ራሱ እጅግ ጥንታዊ ሲሆን፣ እስካሁን ከታወቁት ሥዕሎቹ ቀዳሚው በግብፅ አገር ቱና ኤል ጀበል በሚባለው ስፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ግድም በታነጸው በጴጦሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ በዚያም አንዱ ሠራተኛ ገመድ እየሳበ እንጨቱን ሲያሽከረክር፣ ሁለተኛው የሚጠርብበትን መሣሪያ ይዞ ይታያል።

በተለመደው ሥርዓት ጉማጁ የሚቆረጠው ጅማቱን ተከትሎ ነው፤ ይህም ለጠራቢው ምቹ፣ ለብዕሩም ጽኑ ነው። ነገር ግን ከግንዱ እምብርት ወደ ቅርፊቱ በሚያመራው አቅጣጫ የተቆረጠ እንደ ሆነ፣ ዛፉ ባደገ ቁጥር የደራረባቸው ንብርብሮች ብዕሩን ቀለበት ሠርተው ይከቡታል። ጥቁርና ቡናማ መስመር በሚፈራረቅባቸው ዕፀዋት፣ ይኸውም በመካከለኛው አሜሪካ በሚበቅለው ቦኮቴና በምዕራብ አፍሪካ ደን በሚገኘው ዘብራውድ፣ ይህ ኅብር እጅግ ያማረ ነው። ከዚህም በላይ በአንዱ ብዕር ዙሪያ ሁለት ዓይነት ገጽ ይፈራረቃል፤ በሁለቱ ወገን የጅማቱ አፍ ወደ ውጭ ስለሚከፈት ቅባቱን አብዝቶ መጥጦ ይጠቁራል፣ በቀሩት ሁለቱ ወገኖች ግን ጅማቱ ተጋድሞ ብርሃን ስለሚመልስ፣ ብዕሩ በጣቶች መካከል ሲዞር መልኩ ይለዋወጣል።

ውበቱን የሚሰጠው ይኸው የጅማት አቅጣጫ የድካሙም ምክንያት ነው። እንጨት በጅማቱ ቁመት ሲሳብ ከሚያሳየው ጽናት፣ በጎን ሲሳብ ከአሥር እጅ አንዱ እንኳ አይገኝበትም፤ ስለዚህ አግድም የተቆረጠ ጉማጅ በእጅ ቢሞክሩት እንኳ ለመሰበር የቀረበ ነው። የእርጥበቱ ነገር ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነው። እርጥብ እንጨት ፈጽሞ እስኪደርቅ በጅማቱ ቁመት የሚያጥረው በአብዛኛው ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ከእምብርት ወደ ቅርፊት ባለው አቅጣጫ ግን በብዙዎቹ ዕፀዋት ከ3 እስከ 6 በመቶ ይኮማተራል፤ በአግድም ቁራጭ ደግሞ የብዕሩ ርዝመት ይኸው አቅጣጫ ነው። ርዝመቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ አካል በ1 በመቶ ብቻ ቢያጥር ግማሽ ሚሊሜትር ያጣል፤ በውስጡ የተጣበቀው የናስ ቱቦ ግን ከእርሱ ጋር ስለማያጥር እንጨቱ ይሰነጠቃል። ከዚህ የተነሣ ጉማጁ ፈጽሞ የደረቀ መሆኑን ሳያረጋግጡ ሥራ መጀመር ድካምን በከንቱ ማጥፋት ነው።

የጉማጁ ልክ በተለምዶ ወደ 127 ሚሊሜትር ርዝመትና በየጎኑ ወደ 19 ሚሊሜትር ውፍረት ሲሆን፣ ለሁለቱ የብዕር ክፍሎች በመጋዝ ለሁለት ይከፈላል፤ ኅብሩም እንዳይዛነፍ አስቀድሞ ምልክት ይደረግበታል። በጣም የተለመደው ቀጭን ብዕር የሚፈልገው የ7 ሚሊሜትር ቀዳዳ ነው። መሰርሰሪያው በዝግታ እየዞረ፣ ፍቅፋቂውን ለማውጣት ደጋግሞ ወደ ኋላ እየተመለሰ መግባት አለበት፤ በወዲያኛው ጫፍ ሲወጣ እንጨቱን ፈንቅሎ እንዳይጥል፣ ብልኅ ሠራተኛ ጉማጁን አስረዝሞ ይቆርጥና መሰርሰሪያው ከመውጣቱ በፊት አቁሞ፣ ትርፉን በመጋዝ በማስወገድ ቀዳዳውን ይከፍታል። ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት የተሻከረው የናስ ቱቦ በኢፖክሲ ይጣበቃል፤ ኢፖክሲ ባዶ ቦታ ሁሉ ሞልቶ እንጨቱን ከዳር እስከ ዳር ስለሚደግፍ፣ ለዚህ ሥራ ከሱፐር ግሉ ይመረጣል።

የተዘጋጁት ክፍሎች በብረት ዘንግ ላይ ተሰክተው፣ ልክ በሚያሳዩ የብረት ቀለበቶች መካከል በቶርኖው ራስጌና ግርጌ ይያዛሉ። በዚህ ሰዓት የሚደርሰው ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ከጉማጁ አራት ማዕዘኖች ይነሣል፤ መሮው በኃይል ሲያገኛቸው ተፈንቅለው ይበራሉና፣ አስቀድሞ ማዕዘኖቹን በመጋዝ መቁረጥ ወይም ፍቆ ማድቦልቦል ከሁሉ የሚሻል ጥንቃቄ ነው። ከዚያ በኋላ በደቂቃ ከ2,500 እስከ 3,000 ዙር ባለው ፍጥነት፣ እጅግ በተሳለ መሮ ስስ ስስ እያነሡ መጥረብ ይገባል፤ ጅማቱ መላላቱ ሲታይ ቶርኖውን አቁሞ ቀጭን ሱፐር ግሉ ማጠጣት ብዙ ብዕር ከጥፋት አድኗል። ሥራው ሲያበቃ በብዕሩ ጫፎች ላይ የሚቀረው እንጨት ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ስለሆነ፣ የብዕሩ ጽናት በናሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

ማለስለሱ ከሻካራ ወደ ልሙጥ በሚሸጋገር የብርጭቆ ወረቀት ይፈጸማል፤ በእያንዳንዱም ደረጃ ቶርኖውን አቁሞ በቁመቱ በእጅ መፈተግ የዙር ጭረቶችን ያጠፋል። በላዩም ሱፐር ግሉ በስስ በስሱ ተደራርቦ ይቀባል፤ የተከፈተው የጅማት አፍ የመጀመሪያዎቹን ቅቦች ስለሚውጣቸው፣ ከተለመደው ብዕር ይልቅ ብዙ ቅብ ይፈልጋል። የቅባቱ ጢስ ዓይንንና ጉሮሮን፣ የእንጨቱም ብናኝ ሳንባን ይጎዳልና፣ ያለ መነጽርና ያለ አፍ መሸፈኛ መሥራት አይገባም።

ለጀማሪ ከሰፊ ጅማቱ ዘብራውድ ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ይስማማዋል። በቤተ ልሔም ጠራቢዎች ዘንድ የታወቀው ወይራ ለዚህ የተመቸ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅለውም ወይራ የዚያው ዝርያ ወገን ሲሆን፣ ጥቋቁር መስመሮቹ በአግድም ሲቆረጡ በልዩ ግርማ ይገለጣሉ።